ጠገራ ብር ገዝቶ ማስቀመጥ፦ ጥበብ ነው ወይስ ፍርሃት?

የንባብ ክፍል፦ ማቴዎስ 25፥14–30፤ ኤርምያስ 32፥6–15



ማሾው ተሽጦ፣ ሽንኩርቱም በመኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ሰው እጅ ላይ ጥቂት ገንዘብ ይገባል። ያን ጊዜ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በዕቁብ ቀን፣ በስልክም ጭምር አንድ ጥያቄ ይነሣል። "ባንክ ባስቀምጠው ዋጋው ይወድቅብኛል። ጠገራ ብር ብገዛበትስ? የድሮ የወርቅና የብር ሳንቲም ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም ይባላል። አማኝ ይህን ቢያደርግ ምን ይላችኋል?"

መልሳችንን አስቀድመን እንናገር። ጠገራ ብር መግዛት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን የዘር መግዣውን፣ የልጆቹን የትምህርት ገንዘብ ወይም ማሳውን አከራይቶ ያገኘውን ገንዘብ በጠገራ ለውጦ ማሰሮ ውስጥ የሚቀብር አማኝ፣ የተሰጠውን በሚገባ አስተዳድሯል ብለን አናምንም። ምክንያታችን ግማሹ የገበያ ነው፤ ግማሹ ደግሞ የልብ ነው።

ሥጋቱ ውሸት አይደለም

ይህን ጥያቄ የሚያነሣውን ሰው "እምነት የጎደለህ" ብለን አንገሥጸው። ያየውን አይቶ ነው የሚጠይቀው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ፣ ገንዘቡን በቤቱ ያስቀመጠ ሁሉ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲተው አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ስድስት ወር ሳይሞላ ከ120 ብር አለፈ። ማዳበሪያው፣ ዘይቱ፣ የውሃ ሞተሩ መለዋወጫ ሁሉ አብሮ ወጣ። ዓመቱን ሙሉ ደክሞ ያጠራቀመ ሰው፣ ገንዘቡን ማንም ሳይሰርቀው ግማሹ እንደ ጉም ሲተን አየ።

በዚያው ጊዜ ወርቅ ሽቅብ ወጣ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አንድ አውንስ ወርቅ በዓለም ገበያ ከ4,000 ዶላር አለፈ፤ የብር ማዕድንም በዚያው ወር ከ50 ዶላር በላይ ሆነ። ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. በደኅና ዋጋ ጠገራ ገዝቶ ያስቀመጠ ሰው በ2018 መጀመሪያ ላይ አትርፏል። ይህን መካድ ሐሰት መናገር ነው፤ በሐሰትም እግዚአብሔር አይከበርም።

ከዋጋው በላይ ደግሞ ጦርነቱ አለ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢት በጦርነት ስትያዝ፣ ሰው የሠራውን ቤትና የሞላውን ጎተራ ትቶ ነው የወጣው። ከዚያ በኋላ "በኪስ የሚገባ ሀብት ይሻላል" ማለት ስንፍና አይደለም። እንግዲህ ጥያቄው ሥጋቱ እውነት ነው ወይስ አይደለም የሚል አይደለም። ጥያቄው ጠገራው ከዚህ ሥጋት ያድናል ወይ የሚል ነው።

የሚሸጥልህን ሳንቲም እወቀው

ጠገራ ብር፣ አባቶቻችን ማርትሬዛ የሚሉት፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ሳንቲም ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፤ ሳንቲሙ ላይ ያለውም ዓመት 1780 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። "ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ቅርስ ነው" ተብሎ ይሸጥለታል። እውነቱ ግን ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ ሳንቲሙ ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ መመታቱን ቀጠለ። በቪየና ብቻ አይደለም፤ ጣሊያኖች ኢትዮጵያን በወረሩበት ዘመን በሮም ተመታ፣ ከዚያም በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይ። ዛሬም የቪየናው ሳንቲም መቺ ድርጅት አዲስ አድርጎ ይመታዋል፤ እርሱም ላይ የተጻፈው 1780 ነው። ስለዚህ ዓመቱን ማንበብ ስለ ዕድሜው ምንም አይነግርህም።

ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። በንጹሕ ብር ሲሰላ 23.4 ግራም፣ ማለትም ሦስት አራተኛ አውንስ ያህል ይሆናል። ይህን ካወቅህ ስሌቱን ራስህ ታደርገዋለህ፦ የዓለም ዋጋ በአውንስ 40 ዶላር ከሆነ፣ በአንድ ጠገራ ውስጥ ያለው ብር 30 ዶላር ያህል ያወጣል። ከዚያ በላይ የምትከፍለው ሁሉ ለታሪክ የምትከፍለው ነው። ታሪክ የሚገዛህ ሰው ካገኘህ መልካም። በሸዋ ሮቢት ገበያ ግን ቸግሮህ ስትሸጥ የምታገኘው አንጥረኛውን ነው፤ አንጥረኛው ደግሞ ታሪክ አይመዝንም፤ ማዕድኑን መዝኖ፣ የድካሙንም ቀንሶ ይከፍልሃል። በቅርስ ዋጋ ገዝቶ በማቅለጫ ዋጋ መሸጥ ይሉሃል ይህ ነው።

ከአያቶቻችን አንገት የወረደው ጠገራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለማንጠልጠያ ጆሮ የተበየደለት ወይም የተበሳ ነው። ለቤተ ሰቡ ዋጋው ትልቅ ነው፤ ሳንቲም ለሚሰበስብ ሰው ግን ጉድለት ነው። የምኒልክ ብር ከተባለም ጥንቃቄው ይጨምራል። ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ የተመታ እውነተኛ ታሪካዊ ሳንቲም ነው፤ ሰብሳቢ ስለሚፈልገውም አስመስሎ የሚሠራው ብዙ ነው። የአክሱም ዘመን ሳንቲም "ገበሬ ሲያርስ አገኘው" ተብሎ ቢመጣብህ ደግሞ ነገሩ የትርፍና የኪሳራ ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እንዲህ ያለ ግኝት የአገር ቅርስ ነው፤ ያገኘው ሰው ማስታወቅ አለበት፤ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም። በጨለማ የሚሸጥ ነገር ብዙውን ጊዜ ወይ የተሰረቀ ነው ወይ የተጭበረበረ።

የድሮ ነጋዴዎች ጠገራ ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁዎች ይቆጥሩ ነበር። እነርሱ በየቀኑ ሲገበያዩበት እንዲህ ከተጠነቀቁ፣ እኛ በዓመት አንዴ የምናየውን ሳንቲም በአንድ ወንድም ቃል ብቻ ልንገዛ ነው? "ሻጩ አማኝ ነው" ማለት ሚዛን አይተካም። ኦሪት ዘሌዋውያን 19 ለእግዚአብሔር ሕዝብ እውነተኛ ሚዛንና እውነተኛ መስፈሪያ እንዲኖር ያዘዘው፣ ሕዝቡ እርስ በርሱም ሚዛን ስለሚያስፈልገው ነው።

ይፋት ብርን ያውቀዋል

አገራችን ይፋት ለወርቅና ለብር ሳንቲም እንግዳ አይደለም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ዐረባዊ ጸሐፊ አል-ኡመሪ፣ ይፋት የግብፅን ዲናርና ድርሃም እንደሚገበያይ መዝግቧል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ ደግሞ ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ነጋዴ በአንኮበር ግርጌ አሊዩ አምባ ላይ ይሰፍር ነበር። ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅና የዝሆን ጥርስ በጠገራ ይሸጥ ይለወጥ ነበር።

ግን በዚሁ ሰፈር፣ በአብዱል ረሱል ገበያ፣ በዚሁ ጠገራ ሰውም ይሸጥ ነበር። የሳንቲሙን ጠርዝ ዞር አድርጋችሁ ብታዩት በላቲን የተቀረጸ ቃል አለ፤ ትርጉሙ "በፍትሕና በምሕረት" ማለት ነው። ፍትሕና ምሕረት በጠርዙ ላይ የተጻፈበት ብር፣ የእናት ልጅ ከእናቱ ተለይቶ ወደ ባሕር የሚነዳበት ዋጋ ሆነ። ብሩ ንጹሕ ነበር፤ ሚዛኑም ትክክል ነበር፤ የገዛው ነገር ግን ርኩስ ነበር። ዮሴፍ በ20 ብር ተሸጧል፤ ጌታችንም በ30 ብር። ስለዚህ ብር በእጃችን ሲገባ መጽሐፍ ቅዱስ የሚጠይቀን "ንጽሕናው ስንት ነው?" ብሎ አይደለም፤ "ምን እየገዛበት ነው? ምንስ እያደረገ ነው?" ብሎ ነው።

ሚሲዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍም በዚያው ዘመን በሸዋ ነበር፤ ወንጌልን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም የጀመረው በዚያ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ከአንኮበር ተነሥቶ በወሎ በኩል ሲያልፍ ግን የያዘውን ሁሉ ዘረፉት። በኪስ የሚገባ ሀብት በሌላ ሰው ኪስም ይገባል።

ብር ይወድቃል፤ ከዚህ በፊትም ወድቋል

"ዋጋው አይቀንስም" የሚለውን ቃል ደግሞ እንመርምር። እ.ኤ.አ. በጥር 1980 የወርቅ ዋጋ በአውንስ 850 ዶላር ደርሶ ነበር። ሰው ተሰልፎ ገዛ። በ1999 ግን 250 ዶላር አካባቢ ወረደ። በ1980 ጫፍ ላይ የገዛ ሰው የገዛበትን ዋጋ በቁጥር እንኳ መልሶ ለማየት እስከ 2008 መጠበቅ ነበረበት። ሃያ ስምንት ዓመት! ልጅ ተወልዶ፣ ተምሮ፣ አግብቶ የሚወልድበት ዘመን ነው።

የብር ማዕድን ታሪክ ደግሞ ለእኛ ለወንጌል አማኞች የተለየ ትምህርት አለው። ኔልሰን በንከር ሃንት የሚባል አሜሪካዊ የነዳጅ ባለጸጋ ነበር። ወረቀት ገንዘብ ዋጋ ያጣል ብሎ ስለ ፈራ ከወንድሙ ጋር ሆኖ ብር መሰብሰብ ጀመረ፤ ከ100 ሚሊዮን አውንስ በላይ በእጃቸው አስገቡ። ዋጋው በ1979 መጀመሪያ ከነበረበት 6 ዶላር ተነሥቶ በጥር 1980 ወደ 50 ዶላር ተጠጋ። መጋቢት 27 ቀን 1980 ግን በአንድ ቀን ተንኮታኩቶ ወደ 11 ዶላር ወረደ። የአሜሪካ ነጋዴዎች ያን ቀን እስከ ዛሬ "የብር ሐሙስ" ይሉታል። ሰውየው በ1988 ገበያውን በማዛባት በፍርድ ቤት ተረታ፤ በዚያው ዓመትም ከሰረ። የጥንት ግሪክና ሮም ሳንቲሞችን የሚሰበስብ ሰው ነበርና፣ ያ ስብስቡ ሳይቀር በ1990 በኒው ዮርክ በጨረታ መሸጥ ጀመረ።

አሁን ቀሪውን ስሙ። ይኸው ሰው ብር በሚሰበስብበት በዚያው ዘመን፣ ከሉቃስ ወንጌል ተወስዶ ለሚሠራ አንድ ፊልም 6 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሰጥቶ ነበር። ፊልሙ በ1979 ወጣ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ "ኢየሱስ" የሚባለው ነው። በአማርኛ አይተነዋል፤ በነጭ አንሶላ ላይ ለመንደር ሕዝብ አሳይተነዋል፤ ከ2,000 በሚበልጡ ቋንቋዎችም ተተርጉሟል። አንድ ሰው ነው፤ ኪሱም አንድ ነው። ለራሱ ዋስትና ብሎ ያከማቸው በነነ። ከእጁ አውጥቶ የሰጠው ግን እርሱ ካለፈ በኋላም እየሠራ ነው። በማቴዎስ ምዕራፍ 6 ጌታ ብልና ዝገት የማይደርስበት፣ ሌባም የማይሰርቀው መዝገብ አለ ያለው ይህን ዓይነቱን ነው።

በማሰሮው ውስጥ ምን ነበር?

በማቴዎስ 25 አንዱን መክሊት የቀበረው ባሪያ ገንዘቡን አላባከነም፤ አልጠጣበትም፤ አልቆመረበትም። ያስቀመጠው እንዳለ ነው፤ ሲጠየቅም ሙሉውን መለሰ። እንዲያውም በእኛ አነጋገር "ታማኝ" ልንለው እንችላለን። ግን ለምን እንደ ቀበረው ሲናገር ምክንያቱን ራሱ አወጣው፦ ፈርቶ ነው። ጌታው የወቀሰው ስለ ከሰረ አይደለም፤ ገንዘቡን ሥራ ስላስፈታው ነው። ወገኖች፣ ጠገራ በባሕርዩ ሥራ ፈት ነው። አይበቅልም፣ አይወልድም፣ ማንንም ሠራተኛ አይቀጥርም። ዋጋው ሲጨምር እንኳ የሚጨምረው ሌላ ሰው ካንተ የበለጠ ሲፈራ ነው።

ዮሴፍን አስቡት። ሰባት የረሃብ ዓመት እንደሚመጣ ከእግዚአብሔር የሰማ ሰው ነው። ብር አላከማቸም፤ እህል አከማቸ። በዘፍጥረት 47 እንደምናነበው በረሃቡ መካከል የሰው ሁሉ ብር አለቀ፤ ሕዝቡን ያተረፈው በጎተራ የነበረው ነው። በ2ኛ ነገሥት 6 ሰማርያ ስትከበብ ደግሞ የአህያ ራስ በ80 ብር ተሸጠ። ብር በክፉ ቀን የሚያድነው የሚገዛ ነገር ሲኖር ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልቤን የሚነካው ኤርምያስ ነው። ኢየሩሳሌም ተከብባለች፤ እርሱ ራሱ በዘበኞች አደባባይ ታስሯል። በዓናቶት ያለው እርሻ የጠላት ጦር የሚረግጠው መሬት ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ብልህ ሰው መሬቱን ሸጦ ብር ይይዛል። ኤርምያስ ግን 17 ሰቅል ብር መዝኖ እርሻውን ገዛ። ውሉንም ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ አኖረው። አስተውሉ፤ በማሰሮው ውስጥ የተቀመጠው ብሩ አይደለም፤ የእርሻው ውል ነው። ብሩ ወጣ፤ ተስፋው ገባ። እግዚአብሔር በዚህች ምድር ገና ቤትና እርሻ እንደሚኖር ተናግሯልና።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ አጣዬ ተመልሰው፣ የፈረሰውን ቤት ጠግነው፣ በተቃጠለው ላይ ማሽላና ማሾ የዘሩ ሰዎች ይህን ስብከት ሳይሰሙ ኖረውታል። እነርሱ ካየነው ብር አስቀማጭ ሁሉ ይበልጥ ባለ ራእይ ናቸው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. የአያትህን ጠገራ አትሽጠው ብለን አንከለክልህም፤ ጣለውም አንልህም። የቤተ ሰብ መታሰቢያ ነው፤ ታሪኩን ለልጆችህ ንገርበት። ግን ተስፋህን አታንጠልጥልበት።

2. ሀብትን መከፋፈል ጥበብ ነው፤ መክብብም 11 ላይ ድርሻን ለሰባትና ለስምንት ስለ መክፈል ይናገራል። ዕዳ የሌለብህ፣ ዘርህ የተገዛ፣ የልጆችህ ወጪ የተያዘ ከሆነና ጥቂት ወርቅ ወይም ብር መያዝ ከፈለግህ፣ ቢጠፋብህ እንቅልፍ የማይነሣህን ያህል ብቻ ይሁን። በግራም ግዛ፤ በታሪክ አትግዛ። ከመግዛትህ በፊት ዛሬውኑ መልሰህ ብትሸጠው ስንት እንደሚሰጡህ ጠይቅ።

3. ተበድረህ ወይም የዕቁብ ዕጣህን አስቀድመህ ለምነህ ወርቅና ብር አትግዛ።

4. የሚሠራ ነገር ቀድሞ ይግዛ። ለብቻ የማይቻል የውሃ ሞተር ለአራት ወንድማማቾች ይቻላል። የተሻለ ዘር፣ ጥቂት ፍየል፣ እህል ከነቀዝ የሚጠብቅ ጎተራ፣ የልጅቱ ትምህርት፤ እነዚህም የዋጋ ንረትን ይቋቋማሉ። ሽንኩርት ይረክሳል፣ ፍየልም ይሞታል፤ እናውቃለን። ነገር ግን በእነዚህ ላይ የሚወጣ ገንዘብ ጎረቤትንም አብሮ ያበላል።

5. ሽማግሌዎችና መጋቢዎች ሆይ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ "ለወገን ብቻ" እየተባለ የሚሸጥን ወርቅና የድሮ ሳንቲም አትባርኩ። ማንም ሰው በመድረካችሁ ስም እምነት እንዲያተርፍ አትፍቀዱ።

6. ከመስጠት አትቀንሱ። በ2014 የቆላው ሕዝብ ተፈናቅሎ ሲወጣ በደብረ ብርሃን በራቸውን የከፈቱ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ሌሊት የአንድ ቤተ ሰብ ዋስትና በወገቡ የታጠቀው ብር አልነበረም፤ "ግቡ" ያለው ሰው ነበር። ያ ሰው በአንድ ቀን አልተፈጠረም፤ በዕድሩ፣ በደቦው፣ በጸሎት ቤቱ ለዓመታት የተዘራ ፍቅር ነው። ይህን መዝገብ ዛሬ መሙላት እንችላለን።

ጌታን ገና ላላወቅኸው ወዳጃችን

ይህን የምታነበው ስለ ብር ዋጋ ልታውቅ ብለህ ከሆነም እንኳን መጣህ። አንድ ነገር ብቻ እንጠይቅህ። የምትፈራው ምንድን ነው? ድህነትን? ጦርነትን? ወይስ ብቻህን መቅረትን? ፈሪሳውያን ሳንቲም ይዘው ወደ ኢየሱስ በመጡ ጊዜ በላዩ ያለው መልክ የማን እንደ ሆነ ጠየቃቸው። የቄሣር ነበር፤ ለቄሣር ይመለስ አላቸው። በጠገራው ላይ የማርያ ቴሬዛ መልክ አለ። በአንተ ላይ ግን ያለው የእግዚአብሔር መልክ ነው፤ ስለዚህ የእርሱ ነህ። ሐዋርያው ጴጥሮስም የተዋጀነው በሚጠፋ በብርና በወርቅ ሳይሆን በክርስቶስ ክቡር ደም እንደ ሆነ በ1ኛ መልእክቱ ምዕራፍ 1 ይነግረናል። የተከፈለልህን ዋጋ ስታውቅ፣ ነገን ለመጋፈጥ የተቀበረ ማሰሮ አያስፈልግህም።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ የዕለት እንጀራችንን የምትሰጥ አንተ ነህ። በይፋት ቆላ የሚደክሙትን እጆች ባርክ። ከፍርሃት የተነሣ የቀበርነውን እንድናወጣ፣ ያወጣነውንም በጥበብ እንድናሠራው እርዳን። የተፈናቀሉትን አስብ፤ ለምድራችንም ሰላምን ስጥ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።